በቡና ላይ የሚነገረው ቀልድ
(በክሊኒካችን ለተገኙ ባለትዳሮች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንክብልና ስለ መርፌ ብቻ ሳይሆን ስለ ሳቅም ነው። ሳቅና የቤተሰብ ምጣኔ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔ አዋላጅ ነርስ እንደመሆኔ መጠን አብዛኛውን ሰዓቴን የማሳልፈው ከሴቶች ጋር ነው። ሴቶች ለባላቸው በቀጥታ ሊናገሩት ያልቻሉትን ነገር በቀልድ ሲናገሩት በየዕለቱ እሰማለሁ። ሊቃውንቱ በቅኔ «ሰምና ወርቅ» እንደሚሉት ሁሉ፣ በሴቶች ቀልድም ሳቁ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከውስጥ ነው።

በአገራችን በወሎ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ተንታ ባለው ደጋ፣ ሴቶች ብቻቸውን የሚገናኙበት ቦታ ሞልቷል። ቡናው አለ፤ የማርያም ማኅበሩ አለ፤ የዱበርቲው ዱዓ አለ፤ የአራስ ጥየቃውና ገንፎው አለ። እዚያ ሲደረስ አንደበት ይፈታል። ሳሎን ውስጥ «እርስዎ» ሲባል የዋለው ባል፣ ጓዳ ሲገባ «ሰውዬው» ይባላል። ከዚያ የደጁ መዝጊያ ሲንቋቋ፣ የጫማ ኮቴ ሲሰማ፣ ሳቁ ቀጥ ይላል። ሁሉም ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ስም ሳልጠራ አንዱን ቀልድ ልንገራችሁ። የአምስት ልጆች እናት ናት። «ልጅ ሲወለድ የእግዜር ስጦታ ነው ይላል፤ በትምህርቱ አንደኛ ሲወጣ የእኔ ልጅ ነው ይላል፤ ሌሊት ሲያለቅስ ግን ‹ልጅሽን ዝም አሰኚው› ይላል» አለች። ሴቶቹ ሁሉ እስኪያነቡ ሳቁ። እስቲ እናስተውለው፤ ይህች እናት የቤቷን ሥራ አከፋፈል አንድም ሳታስቀር ዘርዝራ ነገረችን። ይህንኑ ለባሏ በቁም ነገር ብትነግረው «ነዘነዘችኝ» ይላል። በቀልድ ስለሆነ ግን ማንም አልተቆጣትም። ችግሩ፣ መስማት የነበረበት ሰው እዚያ አለመኖሩ ነው።

ይህ ብልሃት የቆየ ነው። ከእኛው መቅደላ ታሪክ ጋር የተያያዘ ምሳሌ ላንሳ። ዐፄ ቴዎድሮስ እቴጌ ጥሩወርቅን ያገቡት፣ የእቴጌይቱን አባት ደጃዝማች ውቤን በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ካሰሯቸው በኋላ ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊት ይደግሙ ስለነበር ቀና ብለው ሳያዩዋቸው ቀሩ ይባላል። ንጉሡ ቢቆጡ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብለው መለሱ፤ ንጉሥ ዳዊትን ማለታቸው ነበር። አባቷ በአሳሪዋ ባል እጅ ያለ ሴት «አልነሣልህም» ልትል አትችልም፤ ዳዊትን ተገን አድርጋ ግን ተናገረችው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እቴጌይቱም እዚያው አምባ ላይ ነበሩ፤ ከሳምንታት በኋላ እሳቸውም በመንገድ ላይ አረፉ።

ወንዶችስ አይቀልዱም ወይ? ይቀልዳሉ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በግብዣ ላይ፣ ሚስት ቆማ ወጥ እያወጣች ይነገራል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የእሷ ቀልድ ግን በተዘጋ በር ውስጥ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሥልጣኑ ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ማን በማን ፊት ለመቀለድ እንደሚደፍር ይመልከት።

ይሁን እንጂ ሳቅ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። «ሰውዬው ዘንድሮ ረስቶኛል መሰለኝ፤ ከመታኝ ሰነበተ» የሚል ቀልድም ሰምቻለሁ። ሳቁ ቁስሉን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች ግን 28 ከመቶ ነበሩ። ዱላው የሚያርፍባት ራሷ ተገቢ ነው እስክትል ድረስ ለምዳዋለች ማለት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል መሆኑን ደንግጓል።

አሁን ወደ ክሊኒካችን ልመለስ። መርፌ ልትወጋ የመጣችን አንዲት ሴት ባለቤትሽ ያውቃል ወይ ብላት፣ «እሱ ብር ይቆጥራል፤ ወር የምቆጥረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በአገራችን ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 6 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ከመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 47 ከመቶ ደርሰዋል። ከእነዚህ መካከል ባላቸው ሳያውቅ የሚጠቀሙ አሉ። ምስጢራቸውን እንጠብቃለን፤ መብታቸው ነውና።

ምስጢር ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል፤ ደሙ ሲበዛባት ወይም ሲቀርባት ብቻዋን ትጨነቃለች። ቀጠሮዋ ሲደርስ የትራንስፖርት ገንዘብ ለምን እንደፈለገች መናገር አትችልም። ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ በቀልድ ጣል ያደረገችውን ነገር «ቀልድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አትቆጡም፤ ቆይታችሁ «ያን ያልሽው እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁ። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስም ተነሡ። ቀጠሮዋ ሲደርስ፣ እሷ ከፈቀደች፣ አብራችሁ ኑ። እናንተም እህቶቼ፣ ቀልዱን አትተዉት። ነገር ግን ድብደባ ካለ በሳቅ ብቻ አትሸፍኑት፤ ለምታምኑት ሰው ወይም ለእኛ ንገሩን። በራችን ዝግ ነው፤ ወሬው አይወጣም።

ደግ ትዳር ማለት ባል ከደጅ ሲገባ ሳቁ የማይቆምበት ቤት ነው። የጓዳው ጨዋታ ሳሎን ሲደርስ፣ የልጆቻችሁን ቁጥርና ጊዜ ሁለታችሁም ተመካክራችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

ቸር ያገናኘን።