በባሕር ዳር ዙሪያ ለቤተሰብ የሚመቹ የእግር መንገዶች

ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳማ በመሆኑ፣ ልጆችን ይዞ በእግር ለመንሸራሸር ከብዙዎቹ የደጋ ከተሞች ይልቅ የምትመች ናት። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለው መንገድ ዳገት የሌለበትና ጥላ የሚበዛበት ሲሆን፣ ከደንገል፣ ማለትም በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም የውኃ ተክል፣ የሚሠራው ታንኳ ሲቀዘፍ ለማየትም ያስችላል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ጉማሬ ስለሚገኝ ልጆችን ወደ ውኃው ጠርዝ ማስጠጋት አይገባም።

ለሙሉ ቀን ጉዞ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ይኸውም በሦስት ወገን በውኃ የተከበበው ደናማ ምድር፣ ከሁሉም ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና መካከል ስለሚያልፍ ፀሐይ አይበረታበትም፤ የክቡ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳዎችም በሥዕል የተሸፈኑ በመሆናቸው፣ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ ታሪኩን በዓይኑ ሊከተል ይችላል።

ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚያደርሰው መንገድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የድንጋይ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ወጣ ገባ ስለሚበዛበት እግሩ ለጸና ልጅ እንጂ ገና ድክ ድክ ለሚል ሕፃን አይመከርም። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይቀጥናል፤ በመስከረም ሞልቶ ሲወርድ ደግሞ የመንገዱ ጭቃ ገና ስለማይደርቅ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል።