የባሕር ዓሣ በደጋ አገር፦ ለቤት ገንዳ ቀለማማ ዓሣ ስለ መምረጥ



«ዓሣ መብላት በብልኃት» የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ስለ አጥንቱ ነው። ዓሣን ለመብል ሳይሆን ለዓይን ደስታ በቤቱ ሊያኖር የሚፈልግ ሰው ግን ከበላተኛው የበለጠ ብልኃት ያስፈልገዋል። በላተኛው ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱ ነው፤ አሳዳሪው ቢሳሳት ግን የሚሞተው ዓሣው ነው።

ዛሬ የምናገረው በመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም፣ ስለሚያዙ ቀለማማ የጨው ውኃ ዓሦች አመራረጥ ሲሆን፣ ነገሩንም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ለሚኖር ሰው በሚስማማ መንገድ አቀርበዋለሁ። በባሕር ጠረፍ የሚሠራው ምርጫ ሁሉ በደጋ አይሠራምና።

ነፋስ መውጫን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የባሕር ውኃ በጠረፍ ላይ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውኃ በነፋስ መውጫ ከ4.7 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ውኃ ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን የመያዝ ኃይሉ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በኮራል መካከል የሚኖረው ዓሣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይሻል። ስለዚህ የደጋው ሰው ለዓሣው ብሎ ውኃውን ባሞቀ ቁጥር ከዓሣው እስትንፋስ ይቀንሳል። መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ማሞቂያውም የአየር ፓምፑም ባንድነት ይቆማሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በመጠባበቂያነት ያላስቀመጠ ሰው፣ ገንዳውን በቡልኮ ሸፍኖ ሙቀቱን ቢያቆይ እንኳ አየሩን ሊያቆይ አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃው ራሱ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ይህም የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ ማግኒዝየም፣ ካልሲየምና ሌሎችም ማዕድናት በየመጠናቸው አሉበት። እንግዲህ አሞሌ በጥብጦ ባሕር መሥራት አይቻልም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግድ ነው። ገንዳው ከተሞላ በኋላም ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማንዳሪን የተባለውን ዓሣ ያየ ሰው፣ ሰማያዊና ብርቱካን መልኩ እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ ተጠላልፎ ስለሚታየው፣ ዓይኑን ከእርሱ ማንሣት ይሳነዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዓሣ የሚኖረው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታትን ሲለቅም ውሎ ስለሆነ፣ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ከቢራቢሮ ዓሦችም ብዙዎቹ ምግባቸው ሕያው ኮራል ነው። በጅራቱ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ያለው ሰማያዊው ሰርጅንፊሽ እስከ 30 ሳንቲሜትር ያድጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ስለሚውልም ሰፊ ውኃና ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። አንበሳ ዓሣ የሚባለው ደግሞ እሾሁ መርዛም ነው፤ ትንንሽ ጎረቤቶቹንም ይውጣል። እነዚህ ሁሉ ዓይን ይማርካሉ፤ ለደጋ ጀማሪ ግን አይሆኑም።

ለዚህ አገር የምመርጠው በአካሉ ትንሽ፣ በጠባዩ ረጋ ያለ፣ የተዘጋጀ ምግብ የለመደ ዓሣ ነው። ነጭ መቀነት የታጠቀው ብርቱካናማው ክላውን ዓሣ ከነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ ሲራባ ቆይቷል፤ ደረቅ ምግብም ይቀበላል። ፊቱ ወይን ጠጅ፣ ኋላው ቢጫ የሆነው ሮያል ግራማም ከድንጋይ ስንጥቅ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። በ200 ሊትር ገንዳ አንድ ጥንድ ክላውን ዓሣና አንድ ግራማ፣ በድምሩ ሦስት ነፍስ፣ ይበቃል። ለጠረፍ ሰው ይህ ቁጥር ያንሰው ይሆናል፤ ለእኛ ግን አየሩ የወሰነልን ልክ ነው።

ገዢ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዓሣው በሰው እጅ የተራባ ነውን? ሲያድግ ስንት ሳንቲሜትር ይሆናል? አሁን በፊቴ ይበላልን? የመጀመሪያው ጥያቄ ያለ ምክንያት አልቀደመም። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዓሣን በሳያናይድ መርዝ አደንዝዞ መያዝ ኮራሉንም ዓሣውንም ሲጎዳ ኖሯልና።

«የራሳችን የጨው ውኃ ዓሣ የለንምን?» የሚል ቢኖር፣ አለን። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ በአፋር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ጨዋማው አፍዴራ ሐይቅ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። ከነዚህ አንዱን አበበ ጌታሁንና ኬነት ላዛራ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። መኖሪያው አንድ ሐይቅ ብቻ የሆነ ፍጥረት ግን የቤት ጌጥ ሊሆን አይገባውም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራም በክረምት ከጣና ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉ፣ የጣና ብቻ የሆኑ ዓሦች መንገድ ናቸው። የጨው ውኃ ዓሣ በወንዝ ውስጥ ይሞታል፤ ከሌላ አገር የመጣ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ግን ሊራባና በሽታ ሊያዛምት ይችላል። ስለዚህ ማናቸውም የገንዳ ዓሣ ወደ ወንዝ አይለቀቅ፤ ጨዋማው ውኃም በማሳ ላይ አይደፋ።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ምክር ልስጥ። ተሕዋስያኑ እስኪበዙ በምትጠብቁባቸው ሳምንታት፣ ገንዳው ገና ባዶ ሳለ፣ መብራት ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት እንደ ጠፋ፣ የውኃው ሙቀትም በሌሊት እስከ ስንት ዲግሪ እንደ ወረደ በደብተር መዝግቡ። ያን መዝገብ በቅን ልቡና ያነበበ ሰው፣ የትኛውን ዓሣ እንደሚመርጥ፣ ወይም ጨርሶ ባይመርጥ እንደሚሻል፣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።