ሳይቃጠል በቅጠል፤ በሰው አገር ለሚኖሩ ሴቶች የነቀርሳን ቅድመ ምርመራ ስለ ማስተማር

(በመምህራን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ችግር ገና ትንሽ ሳለ መላ እንዲፈለግለት ለማስገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክር በጤና ረገድ ሲታይ ከአፍ አልፎ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአገር ቤት ልማድ ሐኪም ቤት የሚኬደው ታሞ ነው። ልጆቿን የምታሳድግ፣ ከማለዳ እስከ ማታ የምትሠራ ጤነኛ ሴት «ልመርመር» ብላ ብትነሣ፣ ጎረቤቷ «ምነው፣ ምን አገኘሽ?» ብላ ትደነግጥላታለች። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህችው ጤነኛ ሴት ናት፤ ይልቁንም ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ ወይም ከሶማሊያ ወጥታ በሰው አገር የምትኖረው ሴት ናት። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ነቀርሳ፣ በዛሬው አጠራር ካንሰር፣ ብዙ ዓይነት ነው። ከነዚህ መካከል የማኅፀን በር ነቀርሳ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ቀድሞ ለደረሰበት ሰው ሊገታ የሚችል መሆኑ ነው። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ መሆኑን የጀርመኑ ሐኪም ሐራልድ ሱር ሐውዘን አረጋግጠው በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሆኖ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ከብዙዎቹም ሰውነት ላይ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። በጥቂቶች ላይ ግን ተደብቆ ይቀራል። ከዚያም ደኅና የነበረው የማኅፀን በር ገጽ ቀስ በቀስ እየተለወጠ ወደ ነቀርሳ እስኪደርስ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሴቲቱ ሕመም አይሰማትም። ሕመሙ የተሰማት ዕለት ግን ብዙ ጊዜ አልፏል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በ2022 ዓ.ም. ብቻ 350,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል።

ይህን ረጅም ዘመን ለሐኪሞች የከፈተው ምርመራ የተገኘው በሁለት ስደተኞች ድካም ነው። ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አንድሮማኪ ጋር ከግሪክ አገር ተነሥተው በ1913 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲገቡ በእጃቸው የነበረው ገንዘብ ጥቂት ነበር። እሳቸው ምንጣፍ ሸጡ፤ እሷም በአንድ ትልቅ መደብር ቁልፍ ሰፋች። በኋላ ዶክተሩ በምርምር ቤት ሥራ ሲያገኙ ወይዘሮዋ ያለ ደመወዝ ረዳታቸው ሆነች። ከዚህም በላይ ከገዛ ሰውነቷ ናሙና እየተወሰደ በማጉያ መነጽር እንዲታይ ለብዙ ዓመታት ፈቀደች። በ1928 ዓ.ም. ዶክተሩ ግኝታቸውን ቢያሰሙ የሰማቸው ሰው ጥቂት ነበር። ከ1941 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ተቀባይነት አገኘ፤ ምርመራው በስፋት በተያዘባቸው አገሮችም በዚህ ነቀርሳ የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ዛሬ ምርመራውን እንደ ባዕድ ነገር የምትሸሸው ስደተኛ ሴት፣ መጀመሪያ የተመረመረችው እንደ እርሷ ያለች እንግዳ ሴት መሆኗን ብታውቅ ምናልባት ልቧ ይረጋጋ ነበር።

ታዲያ የምትሸሸው ስለ ምንድን ነው? በስዊድን አገር ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 70 ዓመት የሆነ ሴቶች ሁሉ የመጥሪያ ደብዳቤ ይላክላቸዋል፤ ምርመራውም በነጻ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የምትኖር አንዲት እናት በምሳሌነት ትወሰድ። ደብዳቤው ቤቷ ይደርሳል። ቋንቋውን ለገበያና ለሥራ ያህል ትናገረዋለች እንጂ የመንግሥት ጽሕፈት ለማንበብ አትደፍርም። ስለዚህ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ትጠራለች። ልጁ ያነባል፤ ነገር ግን «የማኅፀን በር» የሚለውን በአማርኛ አያውቀውም። የገባው አንድ ቃል ብቻ ነው። «እማዬ፣ ካንሰር አለብሽ ነው የሚሉት?» ብሎ ይጠይቃታል። እናቲቱ ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብላ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አይነሣም። እነሆ፣ ለዚህች ቤት ሐኪሙም መሣሪያውም ገንዘቡም ተዘጋጅቷል፤ የጎደለው የሚያስረዳ ሰው ነው።

ከቋንቋው ሌላ የሚያሳፍሩና የሚያስፈሩ ነገሮች አሉ። አንዳንዲቱ መርማሪው ወንድ ይሆናል ብላ ትሰጋለች። በልጅነቷ የተገረዘችው ሴት፣ ይልቁንም የተሰፋችው፣ ሥቃዩንና የመርማሪውን አስተያየት ትፈራለች። ሌላይቱ ምርመራው ምግባራቸው ለተበላሸ ሴቶች የታዘዘ ይመስላታል፤ እርግጡ ግን ከአንድ ባል ሌላ የማታውቅ ሴትም ቫይረሱ ሊይዛት መቻሉ ነው። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሄደች ሴት ደግሞ «ምርመራ» የሚለውን ቃል የምታውቀው በሌላ ትርጉም ነው። እሷ የተመረመረችው ለሥራ ብቁ መሆኗ እንዲታወቅ ነው፤ አንዳንድ በሽታ ቢገኝባት ወደ አገሯ የምትመለስ መሆኑንም ታውቃለች። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ያስደነግጣታል። የነቀርሳው ምርመራ ለአሠሪ ሳይሆን ለራሷ ሕይወት የሚደረግ መሆኑ ካልተነገራት፣ ብትሸሽ አይፈረድባትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ በሴቶቹ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። የቬትናም ተወላጆች ታሪክ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1988 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል በአሜሪካ በተያዘው የነቀርሳ መዝገብ፣ ከ100,000 የቬትናም ተወላጅ ሴቶች በየዓመቱ 43 ያህሉ በማኅፀን በር ነቀርሳ ሲያዙ፣ ከነጮቹ ሴቶች ግን የተያዙት 9 ያህል ነበሩ። በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ክላራ ከ1,000 የሚበልጡ የቬትናም ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኞቹ ትምህርቱ በቋንቋቸው በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በመሳሰለው ብቻ ደረሳቸው። ለሁለተኞቹ ከዚሁ ጋር ከመካከላቸው የተመረጡና የሠለጠኑ ሴቶች በትንንሽ ጉባኤ አስተማሯቸው። በ2007 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ ተመርምረው ከማያውቁት መካከል ከአንደኞቹ 27 ከመቶ፣ ከሁለተኞቹ ግን 46 ከመቶ ሄደው ተመረመሩ። ወሬው፣ ቋንቋውና አገሩ አንድ ሲሆን፣ ልዩነቱን ያመጣው የምትታወቅ ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ መናገሯ ነው።

በሰው አገር ያሉት የኢትዮጵያ ሴቶች እንዲህ ያለውን ጉባኤ እንደ አዲስ የሚፈጥሩት አይደለም። ቡናው አለ፤ ዕድሩ አለ፤ የጽዋ ማኅበሩ አለ፤ ለእስላሞቹም የመስጊዱ የሴቶች ስብስብ አለ። የሚያስፈልገው ነገሩን እንደ መምህር አሰናድቶ ማቅረብ ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ትምህርቱ በሞት ወሬ አይጀመር። የፈራ ተማሪ አይማርም። መጀመሪያ የማኅፀን በር የት እንዳለና ምን እንደሆነ በሥዕል ይታይ፤ ነርሷ በትንሽ ብሩሽ ናሙና መውሰዷ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መፍጀቱ ይነገር። ሴት መርማሪ መጠየቅ የሚቻል መሆኑም አይዘንጋ።

ሁለተኛ፣ እውነቱ አይቀነስ፣ አይጨመርበትም። ምርመራ ፍጹም አይደለም፤ በተወሰነለት ጊዜ መደገም የሚገባውም ስለዚህ ነው። ክትባት የወሰደችም ሴት ከምርመራው ነጻ አይደለችም። «ለውጥ ታይቷል» የሚል መልስ ቢመጣ ነቀርሳ ተገኘ ማለት እንዳይደለና ከጊዜው ሲደረስበት ቀላል ሕክምና ያለው መሆኑ አስቀድሞ ይገለጽ። ይህ ካልተነገረ ሴቲቱ ሁለተኛውን ቀጠሮ ትተወዋለች፤ የመጀመሪያውም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በቃል አይቅር። ከቡናው ላይ አንዲቱ የተመረመረች ሴት «እትዬ፣ እኔ ሄጃለሁ፤ ሐኪሟም ሴት ናት፤ ማክሰኞ አብሬዎት እሄዳለሁ» ብትል ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ደብዳቤውን የምታነብ፣ ቀጠሮውን በስልክ የምትይዝ፣ ልጁን በአስተርጓሚነት ከማቆም ይልቅ ከሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ የምትጠይቅ እርሷ ናት። በአሜሪካ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች በ1990 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የጡትና የማኅፀን በር ምርመራ የሚደረግበት መርሐ ግብር መቋቋሙንም የምታስታውቅ እንዲህ ያለችው ናት።

በአገር ቤት የሚያስተምር መምህር «ይህ ሁሉ ምን ይመለከተኛል?» ይል ይሆናል። መልሱ ከፊቱ በተቀመጡት ልጃገረዶች ላይ ነው። በኢትዮጵያ የቫይረሱ ክትባት በ2018 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፤ ክትባቱ ከሚሰጥባቸው ስፍራዎችም አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ክንዷን የሰጠች ልጅ መርፌው ስለ ምን እንደሆነ፣ ስታድግም ምርመራ የሚጠብቃት መሆኑን በቋንቋዋ ከመምህሯ ከሰማች ለዕድሜዋ ይበቃታል። ነገ ከነዚህ ልጆች አንዲቱ በስቶክሆልም፣ ሌላይቱ በዋሽንግተን ወይም በቤይሩት ትኖር ይሆናል። ሻንጣዋ ሊጠፋባት ይችላል፤ የተማረችው ግን አይጠፋም። ያን ጊዜ ደብዳቤው ሲመጣ ልጇን ሳትጠራ ታነበዋለች፤ በመሳቢያ የተከተተውን የጎረቤቷንም ደብዳቤ አስወጥታ ታነብላታለች።