ቢላዋውም አፎቱም እንዲበረክት
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር



እንዲህ ባለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። የዛሬው ርዕስ ግን በአርሶ አደሩ ወገብና በየጓዳው ስለሚገኝ ትንሽ ንብረት ነው፤ ይኸውም የቢላዋ የቆዳ አፎትና በቆዳ የተጠቀለለ እጀታ አያያዝ ነው። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። አፎትም ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው አርጅቶ ሳይሆን አያያዙ ጎድሎ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ አይደለም። ስፌቱ የተተረተረ አፎት ቢላዋውን አሾልኮ ጭን ይቆርጣል፣ ሕፃን ያቆስላል። በአፈርና በበጠጥ የተበከለ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ ስለሚያጋልጥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን ይጠይቃል። በእርጥብ አፎት ውስጥ ዝጎ ስለቱ የተሸራረፈ ቢላዋ ደግሞ በእርድ ጊዜ ቆዳውን እየጫረና እየበሳ ደረጃውንና ዋጋውን ይቀንሳል።

ቆዳ እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ ጥቃቅን ጭረቶች የተሠራ ነው። በጭረቶቹ መካከል ያለው ቅባትና መጠነኛ እርጥበት ሲያልቅ ጭረቶቹ እየተፋጩ ይሰበራሉ፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። በመሆኑም ዋናው ሥራ ይህን ቅባት መጠበቅ ነው።

በአንደኛ ደረጃ የሚጠቀሰው ጥፋት የረጠበ አፎትን እሳት ዳር ማድረቅ ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ሙቀቱ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ዝናብ የመታው አፎት በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ በጥላና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ቅርጹ እንዳይጠፋ በቢላዋው ልክ የተጠረበ ንጹሕ እንጨት ቢከተትበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ቢላዋን ለብዙ ጊዜ በአፎቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝና ቆዳውን ያለፋው ንጥረ ነገርም ብረትን ስለሚበላ ቢላዋው ይዝጋል፤ ዝገቱም ተመልሶ ቆዳውን ያበላሻል። አፎት መያዣና መጓጓዣ እንጂ ጎተራ አይደለም። ቤት ሲገባ ቢላዋው ታጥቦና ደርቆ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ለብቻው፣ አፎቱም ለብቻው ይቀመጥ።

ጽዳትን በተመለከተ በመጀመሪያ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በውኃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ ኮምጣጣነት ያደላ ነው፤ ስለዚህ የልብስ ሳሙና፣ አመድና በረኪና ይጎዱታል። ናስ ችንካር ባለበት አፎት ላይ አረንጓዴ ነገር ቢታይ የቆዳው ቅባት ከናሱ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ነው። በእንጨት ስንጥር ተፍቆ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ ቅባቱ እንምጣ። ምራንና ልጓም መለስለስ አለባቸው። አፎት ግን ጠንከር ብሎ ቅርጹን መያዝ አለበት፤ ከመጠን በላይ ቅባት የጠጣ አፎት እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈስና ስለቱ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለሆነም በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ነክቶ በውጭው በኩል በስሱ ማሸት፣ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ የተረፈውንም መጥረግ ይገባል። የሚበልጠው በዓመት አሥር ጊዜ መቀባቱ ሳይሆን ቆዳው ሲገረጣና ሲደርቅ ብቻ መቀባቱ ነው።

ለዚህም የተጣራ የጉሎ ዘይት ተስማሚ ነው፤ አየር ቢያገኝም አይደርቅም። የኑግና የተልባ ዘይት ግን እየደረቁ ይጣበቃሉ፣ ቆዳውንም ያገትራሉ። ቅቤ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ምግብ በሚነካ ቢላዋ አጠገብ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ውኃ እንዳያስገባ ለማድረግ አንድ እጅ የንብ ሰም ከሁለት እጅ የጉሎ ዘይት ጋር ማዋሃድ ይቻላል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ዕቃውን በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ነው። ማንኛውም ቅባት በቅድሚያ በማይታይ ቦታ ይሞከር። የጉሎ ፍሬና ተጨምቆ የሚቀረው አሰር መርዛማ ስለሆኑ ከልጆችና ከከብት መራቅ አለባቸው።

በቆዳ የተጠቀለለ እጀታ ከአፎት ይልቅ ላብና ስብ ይጠግባል። ብዙ ቅባት ሲቀባም ያንሸራትታል፤ የሚያንሸራትት እጀታ ደግሞ እጅ ያስቆርጣል። በመሆኑም እጀታ ከመቀባት ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጠረግ ይሻዋል። ጥቅልሉ ከላላ ሳይውል ሳያድር ይጠበቅ። የአፎት ስፌት ሲበጠስም በሰም በታሸ ጠንካራ ክር ወዲያው ይሰፋ፤ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ቀጭን የቆዳ ጠፈር ቢገባ ስለቱ ክሩን አያገኘውም።

በክረምት ነጭ ሻጋታ ሲታይ አፎቱን ደጅ አውጥቶ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍና አየር ማስመታት ይገባል። በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታን ያባብሳል። ለብል ሲባል የሰብል ፀረ-ተባይ መርጨት ክልክል ነው፤ በየጊዜው አውጥቶ ማየትና ማራገፍ ይሻላል።

በመጨረሻም አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ድንገት የሞተ፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ደም የፈሰሰው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሥጋው አይበላም፣ ቆዳውም አይገፈፍም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። የበሽታው ዘር በአፈርና በቆዳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ቢላዋ ይቀቀላል፤ አፎት ግን ቢቀቀል ይኮማተራልና ማዳን አይቻልም። ለዚህ ነው ቢላዋ ደም እንደነካው ወደ አፎቱ የማይመለሰው።

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፣ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት ጨርቅ፣ ጥላና ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው። ለትንሹ ንብረት የሚጠነቀቅ አባል ለማኅበሩ ትልቅ ንብረትም ይጠነቀቃል። መልካም በዓል!