የሆድ መነፋት ምስክር አይደለም፦ ከኮሶ እስከ ፕሮባዮቲክ



የዛሬው ርእሴ ለመድረክ የማይመች ሊመስል ይችላል፤ ስለ ሆድ መነፋት፣ ስለ ጋዝና ስለ ቁርጠት ነውና። ፕሮባዮቲክ የሚባሉትን እንክብሎች መውሰድ የጀመሩ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ይህ የሆድ ስሜት ምን ይነግረናል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ስሜቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ እንክብሉ መሥራቱንም ሆነ መጉዳቱን አያረጋግጥም። በእኛ አገር ግን "እየሠራልኝ ነው፣ እያጸዳኝ ነው" ተብሎ እንዲተረጎም የሚገፋ የቆየ የባህል ምክንያት አለ። ይህ ትርጓሜ ደግሞ ምርመራና ሕክምና የሚያሻውን በሽታ ሊሸፍን ይችላል። ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ ለማየት ከመርካቶ የተሻለ ቦታ አላውቅም። መርካቶ አሁን ባለበት ሥፍራ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲነሣ በተደረገ ጊዜ ነው። ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ በተዘረጉት ተራዎች ውስጥ ለሆድ የሚሆን ነገር በየዓይነቱ ይሸጣል። የደረቀ ኮሶ አለ፤ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል አለ፤ እርጎ አለ፤ በመድኃኒት መደብሮች መስታወት ውስጥ ደግሞ ከውጭ የመጣ፣ በላዩ የቢሊዮን ቁጥር የተጻፈበት የፕሮባዮቲክ ብልቃጥ አለ። ገዢው አንድ ነው፤ ሆዱም አንድ ነው። ከአንዱ ዕቃ የለመደውን አተረጓጎም ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከስያሜው ልጀምር። በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች በሰጡት ብያኔ መሠረት፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሦስቱ ቃላት ሁሉም ክብደት አላቸው፤ ሕያው መሆን አለባቸው፣ መጠናቸው መብቃት አለበት፣ ጥቅማቸውም መረጋገጥ አለበት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የረጋ ወተት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሰውን ዕድሜ ሊያረዝሙ እንደሚችሉ በዚያው ዘመን ጽፎ ነበር።

ታዲያ ሆድ ለምን ይነፋል? የሚታወቁትን ምክንያቶች በሦስት ልክፈላቸው።

የመጀመሪያው ፍላት ነው። በትንሹ አንጀት ያልተፈጨ ስኳርና አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚህም ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሚቴን ይፈጠራል። አዲስ መጤ ባክቴሪያዎች በገቡ ጊዜ ይህ ሥራ ለጥቂት ቀናት ሊለዋወጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ልኩን ማወቅ ይበጃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስሌት 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ይገምታል፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው። 10 ቢሊዮን ባክቴሪያ የያዘ እንክብል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከ3,800 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የትልቁን አንጀት ነዋሪ በአንድ ሳምንት ጠራርጎ ያስወጣል ብሎ ማሰብ ከስሌቱ ጋር አይሄድም።

ሁለተኛው ምክንያት አብሮ የታሸገው ነገር ነው። ብዙ ምርቶች ባክቴሪያውን ብቻ አልያዙም። ለባክቴሪያው ምግብ ይሁን ተብሎ ኢኑሊን የሚባል አሰር ይጨመርባቸዋል፤ ይህ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥም በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ጋዝ በማብዛት የታወቀ ነገር ነው። በወተት ዱቄት የተዘጋጁም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች የወተትን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ በሚገባ አይፈጩም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ላክቶስን እስከ ጉልምስና መፍጨት የሚያስችሉት የዘር ለውጦች ብዙና የተለያዩ ናቸው፤ ከሰው ወደ ሰውም ይለያያሉ። እንግዲህ "ባክቴሪያው አልተስማማኝም" ያለ ሰው፣ ያልተስማማው ኢኑሊኑ ወይም ወተቱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከእንክብሉ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ነው። አንዲት የቅመም ነጋዴ በዐቢይ ጾም ወቅት ፕሮባዮቲክ ጀመረች እንበል። በ55ቱ ቀናት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ዋና ምግቧ ነው። እነዚህ ጥራጥሬዎች ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ፣ የሰው ኢንዛይም የማይፈጫቸው ስኳሮች አሏቸው። ወጡም በሽንኩርት የተሞላ ነው። ሆዷ ቢነፋ ጥፋቱን በእንክብሉ ላይ ለመጣልም ሆነ ምስጋናውን ለእንክብሉ ለመስጠት ምን ማስረጃ አላት? ወይም ደግሞ ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላትን ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በቅርቡ ጨርሳ ሊሆን ይችላል፤ እነርሱም ራሳቸው ሆድ ያውካሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጃርዲያ ወይም አሜባ ይዟት ከሆነ ነው። የጃርዲያ ምልክት የሆድ መነፋት፣ ጋዝና ተቅማጥ ነው፤ ከፕሮባዮቲክ ጅማሬ ምቾት ማጣት ጋር በስሜት ብቻ አይለይም። የሚለየው በሰገራ ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ኮሶ ልመለስ። በአገራችን ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ በመሆኑ የኮሶ ትል ለዘመናት የብዙዎች ችግር ነበር። የቀደሙ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ሰዎች በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ "ኮሶ ጠጥቷል" መባልም አንድ ሰው ከቤት ላለመውጣቱ በቂ ምክንያት ነበር። የዛፉ አበባ ዝና አገር ተሻግሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገብቷል። ኮሶ መራራ ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ ያስቀምጣል። በኮሶ ጊዜ ግን ይህ መከራ ትርጉም ነበረው። ትሉ ተዳክሞ ከአንጀት ግድግዳ ሲለቅ በሚያስቀምጠው ተቅማጥ ተጠርጎ ይወጣል፤ ጠጪውም ውጤቱን በዓይኑ ያያል። ስለዚህ "ካላስቀመጠ አልሠራም" የሚለው የአባቶቻችን ፍርድ በራሱ ሥፍራ ምክንያታዊ ነበር፤ ከምልከታ የተገኘ ዕውቀት ነውና።

ችግሩ ይህ ፍርድ ከኮሶ ተነጥሎ አጠቃላይ ሕግ ሲሆን ነው። ዛሬ የሻይ ቅጠል መሰል "ማጽጃ" የሚሸጥ ሰው፣ ፕሮባዮቲክ የሚሸጥም ሰው፣ ደንበኛው ሲያማርር "መርዙ እየወጣ ነው፤ ቀጥይ" ይላል። ፕሮባዮቲክ የሚያወጣው ትል የለም፤ የሚያወጣው "መርዝ"ም በጥናት አልተገኘም። የሆድ መነፋቱ ከጥቅሙ ጋር የተያያዘ አይደለም። ሆዳቸው ምንም ያልተሰማቸው ሰዎች ያነሰ ጥቅም እንዳገኙ የሚያሳይ ማስረጃም የለንም። አባባሉ ግን ለሻጩ ይመቻል፤ ሰውየው ቢሻለው እንክብሉ ሠራ ይባላል፣ ቢብስበትም እንዲሁ። በማናቸውም ውጤት ሊፈተን የማይችል አባባል በሳይንስ ዘንድ ቦታ የለውም፤ ተማሪዎቼ ይህን ከእኔ ደጋግመው የሰሙት ይመስለኛል።

"እኛ እኮ እንጀራ የምንበላ ሰዎች ነን፤ ፕሮባዮቲክ ምን ያደርግልናል?" የሚል ጥያቄም ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና እርሾ ፈንገሶች ይፈሉበታል፤ ስቲዋርትና ጌታቸው አሰፋ ስለ እንጀራ ተፈጥሮ ያካሄዱትን ምርመራ ያሳተሙት በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር። ነገር ግን ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲጋገር ሕያዋኑ ይሞታሉ። እንጀራ የፈላ ምግብ ነው፤ በብያኔው መሠረት ግን ፕሮባዮቲክ አይደለም። ተጋግሮ የሚበላው ቆጮም እንዲሁ ነው። እርጎ የተለየ ነው፤ ሳይበስል ስለሚበላ ሕያዋኑ ይኖራሉ፤ በፍላቱም የወተቱ ስኳር በከፊል ስለሚቀንስ ላክቶስ ለማይስማማቸው ብዙዎች ከትኩስ ወተት ይልቅ ይቀላል። ሆኖም በወይራ በታጠነ ቅል ውስጥ በራሱ የረጋ እርጎ የሚሠራው ካልፈላ ወተት ነው። ኮምጣጣነቱ ብዙ ተሕዋስያንን ይገታል እንጂ የብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሁሉ ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ተፈጥሯዊ ነው ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም።

የጥቅሙ ማስረጃስ? እዚህ ላይ ትሕትና ያስፈልገናል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለአብዛኞቹ የሆድ ሕመሞች ፕሮባዮቲክን ለመምከር ማስረጃው አልበቃም ብሏል። የተወሰኑ ዝርያዎችን በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ፣ ለምሳሌ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት፣ በቅድመ ሁኔታ ደግፏል። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት ደግሞ፣ ከፀረ ባክቴሪያ ሕክምና በኋላ የተወሰደ የፕሮባዮቲክ ቅልቅል የሰውየው የራሱ ባክቴሪያዎች እንዳይመለሱ እንዳዘገየ አሳይቷል። በጠና ለታመሙ ሰዎች የባሰም ታይቷል። በኔዘርላንድስ በብርቱ የቆሽት ብግነት በታመሙ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 16 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 6 በመቶ ሞተዋል። ይህን የምጠቅሰው ጤናማውን ሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ "ምን ይጎዳል?" የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ጀማሪው ምን ያድርግ? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ እንክብሉን፣ አዲስ አመጋገብንና ሌላ "ማጽጃ"ን አንድ ላይ አይጀምር። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ የዝርያው ስም፣ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የአቀማመጡ ሙቀት፣ ኢኑሊን ወይም ወተት መኖሩ እዚያ መጻፍ አለበት። ፀሐይ በሚመታው መስኮት የሰነበተ ብልቃጥ የሞተ ባክቴሪያ ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። መጠነኛ ጋዝና መነፋት በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት፣ ሊቀንስ ይገባል። ካልቀነሰ ያቁመው። ሲያቆም ጠፍቶ ሲጀምር ከተመለሰ ምክንያቱ ምርቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢያቆምም ከቀጠለ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ለመታገሥ የማይገባቸው ምልክቶችም አሉ፤ በሰገራ ውስጥ ደም፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም። እነዚህ የእንክብሉ ጅማሬ ምልክቶች አይደሉም፤ ለእነርሱ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ሌላ ብልቃጥ መግዛት መፍትሔ አይሆንም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው በቅድሚያ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከዚንክ ጋር ነው፤ ዚንኩም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። በዚህ ፋንታ የፕሮባዮቲክ ዱቄት ገዝቶ መቆየት የልጅን ሕይወት በውድ ዋጋ ለአደጋ መዳረግ ነው።

በመጨረሻ የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎቻችንን ላሳስብ። ነገ ከመርካቶ መደብሮች በአንዱ ስትቆሙ፣ ደንበኛዋ "እህቴ፣ ሆዴን ነፋኝ፤ ይሄ እየሠራ ነው ማለት ነው?" ብላ ትጠይቃችኋለች። "አዎን" ማለት ይቀላል፤ ገበያውም ይህን ይወዳል። እናንተ ግን መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን ሌላ መድኃኒት እንደወሰደች፣ ትኩሳት ወይም ደም እንዳየች ጠይቋት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጃርዲያ ያለባትን እናት ሦስት ወር "እየጸዳሁ ነው" ብላ ከመክሳት የሚያድናት ይህ ጥያቄ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።