የሳይበር ደኅንነት አስተዳደር እንደ ንግድ ሥራ ትምህርት፤ ከጉባ አንጻር ሲታይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13 ተርባይኖች ያሉት ይህ ማመንጫ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከጥቃት የመጠበቅ ነገር ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው አጥሩና ዘበኛው ነው። ይሁን እንጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት በተቃረበበት ወቅት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የሰነዘሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን፣ ዓላማቸውም ከሙሌቱ ጋር የተያያዘ ኢኮኖሚያዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ፖለቲካዊ ጫና ማሳደር እንደነበር አስታውቋል። ጠላት ጉባን ለመንካት ጉባ መድረስ አላስፈለገውም።

በመሠረቱ የዚህ ዓይነቱ ጥበቃ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። የዩክሬን ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች መቆጣጠሪያ በጠላፊዎች እጅ ወድቆ 225,000 ያህል ደንበኞች ለሰዓታት መብራት አጥተዋል። ጠላፊዎቹ የገቡት ከወራት በፊት ለቢሮ ሠራተኞች በላኩት የኢሜይል አባሪ ሲሆን፣ ከዚያም የይለፍ ቃል ሰብስበው ሁለተኛ ማረጋገጫ በሌለው የርቀት መግቢያ ወደ መቆጣጠሪያው አልፈዋል። መብራቱ የተመለሰው ሠራተኞች ወደ ጣቢያዎቹ ሄደው መስመሩን በእጅ በመቀጠላቸው ነው። እንግዲህ ሠራተኛውን የሚያሠለጥነው፣ የርቀት መግቢያውን የሚፈቅደው፣ በእጅ ለመሥራት የሚያስችለውን መመሪያ የሚያዘጋጀው ማነው? እነዚህ ሁሉ የበጀት፣ የደንብና የሰው ኃይል ውሳኔዎች ናቸው።

ጉዳት ለማድረስም የግድ ጠላት አያስፈልግም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል፤ የወጣው ገንዘብ ግን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ በማን ፈቃድ፣ ከምን ፍተሻ በኋላ ይጀመር የሚለው ጥያቄ የአስተዳደር ጥያቄ ነው።

ስለሆነም የሳይበር ደኅንነት አስተዳደርን በንግድ ሥራ ኮሌጅ ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ተገቢ ይሆናል። ተማሪው ስጋትን በገንዘብ መተመን ይማራል። ለምሳሌ ማመንጫው በሙሉ ዐቅሙ ሲሠራ ለአንድ ሰዓት ቢቆም 5,150 ሜጋ ዋት ሰዓት ይታጣል፤ ይህን በታሪፍ አባዝቶ ከመከላከያው ወጪ ጋር ማመዛዘን የሒሳብ ዕውቀት ይጠይቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማወቅ፣ ከውጭ ኩባንያ ጋር በሚደረግ የጥገና ውል ውስጥ የርቀት መግቢያን መገደብ፣ ኦዲት ማድረግ፣ በአደጋ ጊዜ ሥራ የሚቀጥልበትን ዕቅድ ማውጣት ዋና ዋና ትምህርቶቹ ናቸው።

በዚህ ላይ ከመሐንዲሶች በኩል የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም ማሽኑን የማያውቅ ሰው ማሽኑን ለመጠበቅ እንዴት ያዝዛል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው። የቢሮ ኮምፒውተር ሌሊት ታድሶ ጠዋት ይነሣል፤ የተርባይን መቆጣጠሪያ ግን የኃይል ሥርጭቱ ሳይፈቅድ አይቆምም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ አስተዳዳሪ በጥበቃ ስም ራሱ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም ትምህርቱ የኔትወርክንና የመቆጣጠሪያ ሥርዓትን መሠረታዊ ዕውቀት ማካተት፣ ተማሪውም ቢያንስ አንድ የሥራ ልምምድ ወቅት በማመንጫ ወይም በማከፋፈያ ጣቢያ ማሳለፍ ይኖርበታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ርዕሰ ከተማ የሚገኘው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው። መሐንዲሱም በበኩሉ የስጋት መዝገብ ማንበብንና ወጪን ማስረዳትን ሊማር ይገባል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከጉዳት በኋላ የሚቋቋም ኮሚቴ የጠፋውን ይቈጥር እንደ ሆነ እንጂ አይመልስም። ግድቡ የተሠራው ከባለ ሀብቱ እስከ ጉሊት ነጋዴዋ ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ ባዋጣው ገንዘብ ጭምር ነው። ያንን አደራ በኃላፊነት ተረክቦ፣ የሚጠየቅበትን ዐውቆ የሚፈርም ባለ ሙያ ማሠልጠን የዩኒቨርሲቲዎች፣ የመሥሪያ ቤቶችና የሙያ ማኅበራት የጋራ ግዴታ ነው።