ማፊን ሲሉን የትኛውን ማፊን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ገንዘብ ያዣችን ባቀረበችው ሪፖርት ውስጥ «በትእዛዝ ስህተት የደረሰ ኪሳራ» የሚል አንድ መስመር አይታችኋል። ምን እንደሆነ ስለጠየቃችሁን እንናገር።

እዚህ ለንደን አንድ መሥሪያ ቤት ለጠዋት ስብሰባው 120 ማፊን አዘዘን። ደስ ብሎን ሌሊቱን ስንጋግር አደርን፤ ግማሹን በቸኮሌት፣ ግማሹን በዘቢብ። ስናደርስላቸው ሳጥኑን ከፍተው ዝም አሉ። ለካ የፈለጉት እንቁላል መሐሉ አድርገው የሚበሉትን ዳቦ ኖሯል! ግማሽ ዋጋ ከፈሉን። የጎደለውን ከቁጠባችን ስለሞላን፣ ተራዋ የደረሰ እህታችን ብድሯን ሁለት ወር ጠበቀች። ዛሬም በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃታለን።

ማፊን ያስተማረችን እህት አሜሪካ የኖረች ናት። እዚያ ማፊን ማለት በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ በኦቨን የሚጋገር ጣፋጭ ነው፤ ለእኛ ከኬክ አይለይም። የጥንቱ የእንግሊዝ ማፊን ግን በእርሾ ተቦክቶ፣ በምጣድ ላይ እየተገላበጠ የሚበስል ክብ ዳቦ ነው። ሐና ግላስ የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1747 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ አሠራሩን ጽፋለች። በእጅ ይከፈት እንጂ ቢላ ከነካው እንደ እርሳስ ይከብዳል ባይ ናት። ይህቺን ሴት ወደድናት።

ሳሙኤል ባዝ ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ ዳቦ ጋጋሪ በ1874 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ፣ በ1880 የራሱን ዳቦ ቤት ከፈተ። አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን ዳቦ ዛሬ «ኢንግሊሽ ማፊን» ይሉታል። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ቅጽል ማፊን ነው። ችግሩ፣ ጣፋጩም እዚህ ገብቶ በየቡና ቤቱ በዚያው ስም ይሸጣል።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማንቸስተር አጠገብ፣ ኦልድሃም የምትኖር እህታችን ደግሞ እዚያ ማፊን የሚሉት ተራውን ትንሽ ዳቦ እንደሆነ ነገረችን፤ የተጠበሰ ድንች ከትተው ይበሉታል አሉ።

አሁን ትእዛዝ ሲመጣ «በምን ትበሉታላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ፎቶም እናስልካለን። ያው መሥሪያ ቤት በመስከረም ተመልሶ አዘዘን፤ በምጣድ ጋግረን ሙሉ ዋጋ ተቀበልን።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ። የሚሸጠው ለብድር ሣጥናችን ነውና ሳትቀምሱ አትሂዱ፤ ቢላ ግን አላስቀመጥንም።